ታፔላውና ጥሪው

ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መገናኛ የታክሲ ተራ ቁሙና ዓይናችሁን ጨፍኑ። (ቦርሳችሁን ግን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ።) «ፒያሳ! ፒያሳ! አራት ኪሎ ፒያሳ!» ይላል አንዱ በስተቀኝ። «አያት! አያት! አንድ ሰው የቀረው አያት!» ይላል ሌላው ከኋላ። የትኛው ታክሲ ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛው ሊሞላ እንደተቃረበ፣ የትኛው ገና እየጠራ እንደሆነ አንድም ነገር ሳታዩ ታውቁታላችሁ። አሁን ደግሞ ዓይናችሁን ግለጡና ጆሯችሁን ድፈኑ። የረዳቶቹ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ምን እንደሚሉ አይታወቅም። ግን ችግር የለም፤ ታክሲው ግንባር ላይ ታፔላ አለ። መነሻውና መድረሻው ተጽፎበታል። አንብባችሁ ትገባላችሁ።

ያንኑ መልእክት ጥሪው ለጆሮ፣ ታፔላው ለዓይን ይናገራል። ማንም ግን ለአካል ጉዳተኞች ብሎ አላሰበውም። ጥሪው ከገበያ የተወለደ ነው፤ ታፔላውም ታክሲዎችን መስመር ለማስያዝ የተለጠፈ ነው። ሁለቱ ሳይተዋወቁ ተገናኝተው፣ ሳያውቁት ዓይነ ስውሩንም መስማት የተሳነውንም ወደ ቤት ይሸኛሉ።

ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ነው ነገሩ የሚገለጠው። አንበሳ አውቶቡስ ቁጥሩን ግንባሩ ላይ ለጥፎ ዝም ብሎ ይመጣል፤ ዓይነ ስውሩ አጠገቡ የቆመውን «እባክህ፣ ስንት ቁጥር ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ አጠገቡ ሰው ከሌለ ደግሞ አውቶቡሱ መጥቶ ይሄዳል። በሌላ በኩል፣ ሲመሽ ታፔላውን ገልብጦ በጥሪ ብቻ የሚጭን ታክሲ አለ። መስማት ለተሳነው ሰው ያ ታክሲ ከግድግዳ አይለይም። ወራጁም እንዲሁ ነው፦ «ወራጅ አለ!» ማለት የማይችል ሰው የፊቱን ወንበር መታ መታ ያደርጋል፤ ሾፌሩ ከገባው ይቆማል፣ ካልገባው አንድ ፌርማታ ያሳልፈዋል።

በዚህ ጽሑፍ ተደራሽነት የምለው ይህንኑ ነው። የሕዝብ የሆነ መልእክት ከአንድ በላይ መንገድ ይኑረው። ቃሉ በስብሰባና በፕሮጀክት ሰነድ ብዙ ስለተደጋገመ ጣዕሙን አጥቷል፤ መገናኛ ላይ ግን በየማታው ሲሠራ ታገኙታላችሁ።

ድሮ አዋጅ የሚነገረው በገበያ ቀን ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፣ ሕዝቡ ይሰበሰባል፣ አዋጅ ነጋሪው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። በዚያ ሥርዓት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጠው ዓይነ ስውር ከባላባቱ እኩል ይሰማል፤ እንዲያውም ወሬ በማስታወስ ሳይበልጠው አይቀርም። መስማት የተሳነው ግን ሙሉ በሙሉ ውጭ ነው፤ ተስፋው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» በሚለው ብሂል ላይ፣ ማለትም በጎረቤቱ ደግነት ላይ ተንጠልጥሏል።

በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ሲጀምር ስሙን ከነጋሪቱ ወረሰ፤ ድምፁን ግን አልወረሰም። አዋጅ ወረቀት ሆነ። ያኔ ማንበብ ለቻለ መስማት የተሳነው ሰው በር ተከፈተለት፤ በድምፅ ዘመን እኩል የነበረው ዓይነ ስውር ደግሞ ውጭ ቀረ። ሬዲዮ ሲስፋፋ እንደገና ተገለባበጠ። የመልእክቱ መንገድ በተቀየረ ቁጥር አንዱ ይገባል፣ አንዱ ይወጣል። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ዓይናቸውም ጆሯቸውም አልተለወጠም።

አሁን ያለነው በስክሪን ዘመን ነው፤ ይህ ዘመን ደግሞ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ማስገባት የሚችል የመጀመሪያው ነው። ስክሪን ላይ ያለ ጽሑፍ ለሚያየው ጽሑፍ ነው፣ ለማያየው በስልኩ ድምፅ ይሆናል፣ ዓይኑ ለደከመበት ይተልቃል፣ ማሽኑ ላለው ደግሞ ከጣቱ ሥር ብሬል ሆኖ ይነሳል። ታዲያ ለምን አልሆነም? መልሱ ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የማህተም ነገር ነው።

አንድ ዓይነ ስውር ጓደኛ አለኝ፤ የሕግ ባለሙያ ነው። ስልኩን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል። ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሲያንሸራትት ስልኩ እኔ ልከተለው በማልችለው ፍጥነት ይለፈልፍለታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአንድ መሥሪያ ቤት የቴሌግራም ቻናል ላይ አንድ ነገር ላከልኝ፦ «ወንድሜ፣ ይቺን አንብብልኝ፤ ለእኔ ፎቶ ብቻ ነው የምትለኝ።» እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። መልእክቱን የከፈትኩት 12 ሰዓት ሲሆን ነው። የሥራ ማስታወቂያ ነበር፤ እሱ በትክክል የሚመጥነው ቦታ። ማመልከቻ የሚዘጋው በዚያው ዕለት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ይቅርታ ስጠይቀው ሳቀ፦ «አንተማ ሥራ ላይ ነበርክ። ማስታወቂያው ነው ሥራ ላይ ያልነበረው።»

ማስታወቂያው ምን ነበር? በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ከዚያ የታተመ፣ የተፈረመበት፣ ክብ ማህተም ያረፈበት፣ ከዚያ በስልክ ፎቶ የተነሳ ወረቀት። በእኛ አገር የመሥሪያ ቤት ቃል እውነት የሚሆነው ማህተም ሲያርፍበት ነው፤ በተለይ ሐሰተኛ ደብዳቤ እንደ ጉንፋን በሚዛመትበት ጊዜ ሰው «ማህተሙን አሳየኝ» ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ ከመለጠፍ ይልቅ የወረቀቱን ምስል መለጠፍ ልማድ ሆነ። በዚህ ልማድ መነሻው ላይ ፊደል የነበረው ነገር መድረሻው ላይ ሥዕል ይሆናል። ለጓደኛዬ ስልክ ያ ማስታወቂያና የአንድ ሰው የሠርግ ፎቶ ልዩነት የላቸውም።

መድኃኒቱን ስናገር አፍራለሁ፤ ያን ያህል ቀላል ነው። ፎቶውን ለጥፉ፤ ማህተሙም ይታይ። ከሥሩ ግን ያንኑ ጽሑፍ ገልብጣችሁ አኑሩ። ጽሑፉ የተጻፈበት ኮምፒውተር እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሥራው ከግማሽ ደቂቃ አያልፍም። ምስሉ የሕንፃ ወይም የስብሰባ ፎቶ ከሆነም ምን እንደሚያሳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ ነው። «ፎቶውን ይመልከቱ» ማለት ግን መግለጫ አይባልም።

ስክሪን አንባቢ የሚባለው ፕሮግራም እንዴት እንደሚሠራ ካወቅን ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በዓለም ላይ በሰፊው ከሚሠራባቸው አንዱ ኤንቪዲኤ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክል ከራን የተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር ወጣት ጀመረው፣ እስከ ዛሬም በነጻ ይታደላል። ፕሮግራሙ ስሙ አንባቢ ይሁን እንጂ ዓይን የለውም። የፊደልን ቅርጽ ሳይሆን ከፊደሉ ጀርባ ያለውን የኮድ ቁጥር ነው የሚያነበው። የእኛ ፊደላት በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የራሳቸውን ቁጥር ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች «ለ» ስንጽፍ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው አንድ የላቲን ፊደል ነበር፤ እኛ ያየነው የ«ለ» ቅርጽ ልብስ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን የተጻፈ ሰነድ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ሞልቷል። ለሚያይ ሰው ንጹሕ አማርኛ ነው። ስክሪን አንባቢ ግን ልብሱን አያይምና «ኤክስ፣ ቲ፣ የማባዣ ምልክት፣ የዶላር ምልክት» እያለ ይዘባርቃል። የሚገርመው፣ አሁንም «ፎንቱ ያምራል» ተብሎ በአሮጌው መጻፊያ የሚጻፍ አዲስ ደብዳቤ አለ።

ከአሮጌው መጻፊያ ቀጥሎ ሁለተኛው እክል ስካን ነው። በየቴሌግራም ቻናሉ የሚዞሩት የአዋጅ ቅጂዎች አብዛኞቹ የወረቀት ፎቶዎች ናቸው። ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚመልሱ ፕሮግራሞች አሉ፤ አማርኛ የሚያውቁም አይጠፉም። ግን ነጋሪት ጋዜጣን የገለጠ ሰው እንደሚያውቀው ገጹ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። ፕሮግራሙ ዓምዱን ካልለየ አንዱን መስመር ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ ይሄድበታል። ግማሽ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ፣ ግማሽ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ እንደገና አማርኛ። ጓደኛዬ ይህን «የሰከረ ዳኛ ፍርድ ሲያነብ» ይለዋል።

ሦስተኛው ከራሱ ከአማርኛ የሚመጣ ስለሆነ ማንንም አልወቅስበትም። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «አለ» ብላችሁ ጻፉ፤ ተናገረ ማለት ነው ወይስ ይገኛል ማለት? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰ ነገር? እኛ ከዓረፍተ ነገሩ እንረዳለን፤ አማርኛ የሚናገረው የኮምፒውተር ድምፅ ግን እንደመጣለት ነው የሚለው። ተጠቃሚዎቹ ለምደውታል። የመንደር ሽማግሌ አነጋገር እንደሚለመድ፣ ጥቂት ቀን ከሰሙት ይገባል። የማይለመደው ዝም ያለው ፎቶ ነው።

ሁሉም ነገር በድምፅ ይለቅ ማለት ግን አይደለም። ጆሮ ፊደል አያስተምርም። ስሙ በፊደል እንዴት እንደሚጻፍ፣ አንቀጽ የት እንደሚያልቅ፣ ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ ዓይነ ስውሩ የሚያውቀው በጣቱ ሲያነብ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል በ1820ዎቹ፣ ገና አሥራዎቹን ሳይጨርስ የፈጠረው ስድስት ነጥብ ነው፤ በሁለት ዓምድ ሦስት ሦስት። ከስድስቱ ነጥቦች 63 ልዩ ልዩ ቅርጽ ይወጣል። እዚህ ላይ የእኛ ፊደል ጥያቄ ያነሳል፦ ከ200 በላይ የሆነው ገበታ በ63 እንዴት ይገባል? መልሱ ፊደሉን መፍታት ሆነ። በአማርኛ ብሬል ተነባቢው ለብቻው፣ አናባቢው ለብቻው ይቀመጣል። «ላ» በወረቀት አንድ ፊደል ነው፤ በብሬል «ል»ን የሚያመለክት አንድ ክፍል፣ ከዚያ «አ»ን የሚያመለክት ሌላ ክፍል ይሆናል። ብሬል በተፈጥሮው ሰፊ ቦታና ወፍራም ወረቀት ይፈልጋል፤ በዚህ ላይ ፊደላችን ሲፈታ ገጹ ይበልጥ ያብጣል። አንድ ቀጭን የመማሪያ መጽሐፍ በብሬል ሲወጣ በክንድ የሚታቀፍ ጥራዝ ነው የሚሆነው።

ብሬል በስሌትና በስታይለስ የሚጽፍ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወረቀቱን በስሌቱ መካከል ያስገባና በሹሉ ስታይለስ ከጀርባው ይወጋዋል፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ነጥቡ የሚነሳው በወዲያኛው ገጽ ስለሆነ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እያንዳንዱንም ምልክት ገልብጦ ይጽፋል፤ ሲጨርስ ወረቀቱን አውጥቶ ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ያነበዋል። ተማሪ ቤት ሳለን የፈተና ሰዓት ላይ ከክፍሉ ጥግ የሚመጣው ያ ድምፅ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲጀምር ይመስለኝ ነበር።

የመጽሐፍ ችግር ከወረቀት ብቻ አልነበረም። ሕግም ይከለክል ነበር፤ የታተመን መጽሐፍ ወደ ብሬል ወይም ወደ ድምፅ መለወጥ የደራሲው ፈቃድ የሚያስፈልገው ቅጂ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ይህን ለመፍታት እ.ኤ.አ. በ2013 ማራካሽ ላይ ስምምነት ተደረገ፦ ማየት ለተሳናቸውና የታተመን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች የሚዘጋጅ ቅጂ የባለ መብቱን ፈቃድ ሳይጠብቅ ሊዘጋጅ፣ ከአገር አገርም ሊሻገር ይችላል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2020 ገብታበታለች። በሩ ተከፍቷል ማለት ነው፤ መጻሕፍቱን በበሩ የማሳለፉ ሥራ ግን ጉልበትና ገንዘብ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ጆሮ እንለፍ። መስማት ስለተሳናቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው «ጽሑፍ አለ አይደል፣ ያንብቡ» ስንል ነው። አማርኛ ለእኛ የመጣው በጆሮ ነው፤ ፊደል ስንቆጥር የምናውቀውን ቋንቋ ነው በወረቀት ያገኘነው። መስማት ሳይችል ላደገ ልጅ የጽሑፍ አማርኛ ሰምቶት የማያውቀው የሌላ ሰው ቋንቋ ነው። የእሱ ቋንቋ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው፤ የራሱ ሰዋስው ያለው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዲግሪ ደረጃ የሚያስተምረው። አማርኛ በእጅ ሲነገር ምልክት ቋንቋ ይሆናል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው።

እጅ በፊደል የሚጽፍበት ጊዜ ግን አለ። የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ አዲስ ቃል ሲመጣ በጣት ፊደል በፊደል ይጻፋል። እዚህ ላይ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ብሬል ፊደላችንን ፈቶ ተነባቢና አናባቢ አድርጎ ለያየው ብያለሁ። የኢትዮጵያ የጣት ፊደል ግን አልለያየውም። ለእያንዳንዱ ተነባቢ አንድ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ የሚሄደውን ቤት ደግሞ እጁ በሚያደርገው እንቅስቃሴ ያሳየዋል። ልክ በወረቀት ላይ «ለ» መልኩን ሳይለቅ እግሩን ሰበር፣ ጎኑን ቀጠል እያደረገ «ሉ፣ ሊ፣ ላ» እንደሚሆነው። ገበታውን በአየር ላይ የዘረጉት ሰዎች ፊደላችንን ጠንቅቀው የገባቸው ነበሩ።

ይህ ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ሲደርስ በስክሪኑ ጥግ ባለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገባል። አስተርጓሚው ቆሞ እጁን ያንቀሳቅሳል፤ ከሥሩ የሚያልፈው የዜና ጽሑፍ ክርኑን ይቆርጠዋል፤ የጣቢያው አርማ ትከሻው ላይ ይቀመጣል። በምልክት ቋንቋ ደግሞ ፊት ጌጥ አይደለም። ቅንድብ ከፍ ማለቱ ዓረፍተ ነገሩን ጥያቄ ሊያደርገው ይችላል። ሳጥኗ የጣት ጥፍር ስታክል ቅንድቡ አይታይም፤ ጥያቄና ማረጋገጫ ይደባለቃል። ልብሱ ዝንጉርጉር ከሆነ እጁ ከደረቱ አይለይም። ለዚህ ነው ደህና አስተርጓሚዎች ከቆዳቸው ቀለም የሚለይ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ልብስ ለብሰው የሚመጡት፤ ሳጥኗን የሚያሳንሰው ግን አስተርጓሚው ሳይሆን በቅንብር ክፍሉ የተቀመጠው ሰው ነው።

ያው ቴሌቪዥን ዓይነ ስውሩንም ይረሳዋል። «ለበለጠ መረጃ በስክሪኑ ላይ በሚታየው ስልክ ቁጥር ይደውሉ!» ይላል ደስ የሚል ድምፅ፤ ከዚያ ሙዚቃ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ለማንበብ አራት ሰከንድ ቢበቃ ነው። ያቺን አራት ሰከንድ ማን ነው ያስቀራት?

መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና አገራችን ሲገባ ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተፈተነ። ስልክ ስንደውል ከመጥሪያው ድምፅ ፋንታ እጅ ስለ መታጠብና ርቀት ስለ መጠበቅ የሚናገር መልእክት ይሰማ ጀመር። ብዙዎቻችን ተማርረናል፤ ለዓይነ ስውር ሰው ግን በዚያ ሰሞን ከወጡት የጤና ማስታወቂያዎች ሁሉ ይህ የሚቀድም ይመስለኛል፤ ሳይጠይቅ፣ ሳይለምን፣ በእጁ ባለው ስልክ ይደርሰዋል። መስማት ለተሳነው ግን መልእክቱ ጭራሽ የለም። ምልክት ያየ ሰው ወደ 8335 ይደውል ተባለ፤ ደውሎ መስማት የማይችለውስ? ዕለታዊው ቁጥር ደግሞ በሚያምር ሠንጠረዥ፣ በምስል ይወጣ ነበር፤ ያ ለዓይነ ስውሩ ፎቶ ነው። ከዚያ ጭምብል መጣ፤ ከንፈር አይቶ የሚረዳ ሰው የነበረችው አንዲት መስኮት ተዘጋችበት።

ስንት ሰው ነው ይህ የሚነካው? በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ብሎ የመዘገበው ከመቶው አንድ ያህሉን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሪፖርት ደግሞ ለኢትዮጵያ 17.6 በመቶ ይላል። ከሁለቱ አንዱ ዋሸ ማለት አይደለም። «በቤቱ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?» ብሎ አባወራውን መጠየቅና «ለማየት፣ ለማስታወስ ያስቸግርሃል ወይ?» ብሎ ሰውየውን ራሱን መጠየቅ የተለያየ መልስ ያመጣል። በመጀመሪያው ጥያቄ አያቴ አልተቆጠሩም፤ በሁለተኛው ይቆጠሩ ነበር። መነጽራቸውን አድርገውም የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ አያነቡትም።

ሕጉ ደግሞ አለ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 21 ለሕዝብ የሚሰጥ መረጃ ለአካል ጉዳተኞች በሚመች መልክ፣ በወቅቱና ያለ ተጨማሪ ወጪ ይድረስ ይላል። ከሦስቱ ሁልጊዜ የምትዘነጋው «በወቅቱ» የምትለው ናት። የጓደኛዬን የሥራ ማስታወቂያ አስታውሱ፤ ከሰዓታት በኋላ ተነቦለታል።

የአእምሮ እድገት ውሱንነት ያለባቸውን ሰዎች ሳላነሳ ባልፍ ራሴን እታዘባለሁ። እነሱን ውጭ የሚያስቀራቸው ስክሪንም ወረቀትም አይደለም፤ የቢሮ አማርኛችን ነው። ከብዙ ማስታወቂያ ገጣጥሜ የሠራሁትን ተመልከቱ፦ «የመታወቂያ እድሳት አገልግሎት ፈላጊ የሆናችሁ ነዋሪዎች በሙሉ፣ ከዚህ ቀደም በተለያዩ ምክንያቶች ተቋርጦ የቆየው አገልግሎት ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ በአዲስ መልክ መሰጠት የሚጀምር መሆኑን እየገለጽን፣ አስፈላጊውን ማስረጃ በማሟላት በአካል ቀርባችሁ እንድትስተናገዱ እናሳስባለን።» አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ አንባቢው ሁሉንም ተሸክሞ እስከ «እናሳስባለን» መጓዝ አለበት። እንዲህ ቢሆንስ፦ «መታወቂያ ማደስ የምንጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ራስዎ ይምጡ። የድሮውን መታወቂያና 2 ጉርድ ፎቶ ይዘው ይምጡ።»

ሁለተኛውን ስጽፍ አንድ ነገር ተያዘብኝ። «አስፈላጊው ማስረጃ» ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ማስታወቂያ ላይ ላገኘው አልቻልኩም፤ የድሮውን መታወቂያና ጉርድ ፎቶውን የጨመርኩት ከራሴ ነው። ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ጸሐፊው ራሱ ያልወሰነውን ነገር ደብቆለት ነበር። እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ፣ ጉዳት ያለበትም የሌለበትም፣ መስኮቱ ጋ ሄዶ «ምን ምን ይዤ ልምጣ?» ይላል፤ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅም ቀኑን ሙሉ ያንኑ ስትመልስ ትውላለች።

አንድ ክሊኒክ ውስጥ ያየሁትን ልጨምር። ስም እየተጠራ የሚገባበት ክሊኒክ ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ሴት ጠዋት ነው የመጣችው። ነርሷ በሩን ከፈት አድርጋ ስም ትጠራለች፣ ሰው ይነሳል፣ ይገባል። አንድ ስም ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ማንም አልተነሳም፤ ካርዱ ከሥር ተመልሶ ገባ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያው ስም ተጠራ፤ አሁንም ዝም። ያኔ ሴትዮዋ ወረቀቷን አውጥታ አሳየችኝ፣ በጣቷም «መቼ ነው?» የሚል ምልክት ሰጠችኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሦስት ጊዜ የተጠራው ስም ነበር።

ካርድ ክፍል ያለው ልጅ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ቀላ። ከመሳቢያው ቢጫ ወረቀት አወጣ፣ ቆረጠ፣ በስቴፕለር ካርዷ ጥግ ላይ መታው። ምንም አልጻፈበትም። «ቢጫ ካየሽ አትጥሪ፤ ሄደሽ ትከሻዋን ንኪ» አላት ነርሷን።

ከወራት በኋላ እዚያው ክሊኒክ ተመለስኩ። ነርሷ ተቀይራለች። ወንበሩ ጫፍ ላይ አንድ አዛውንት ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለው ተቀምጠዋል። አዲሷ ነርስ ካርድ አነሳች፤ ጥጉ ላይ ቢጫ ወረቀት አለ። ገለበጠችው፣ አየችው፣ ምንም አልገባትም፤ ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስም ጠራች። ሁለተኛ ልትጠራ ስትል ከካርድ ክፍሉ መስኮት አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ፦

«ሲስተር! ቢጫ ነው እኮ!»